ጸጉሩ ሽቅብ የተኛ ጨርቅ

ሰኞ፣ ጥር 6

የሥራ ልምምድ ዛሬ ተጀመረ። ሶፋና ወንበር የሚያለብሱበት ቤት ነው። የተመደብነው እኔና ጠበቃው። ጠበቃው ሲባል ደግሞ ጠበቃ እንዳይመስል... ስልጠና ላይ መርፌ በሰበረ ቁጥር ጥፋቱ የመርፌው እንደሆነ ስለሚያሳምነን ነው ስሙ የወጣለት።

አሰልጣኛችን ፈገግ በሉ እስከ በሩ ሸኘችን። እሷም ስሟ ይሄ አይደለም፤ ቃሉ ከአፏ ስለማይጠፋ እኛ ነን ያወጣንላት። «ሰውን ዓይን ዓይኑን እያያችሁ አናግሩ። አላውቅም ማለት አያሳፍርም። ፈገግ በሉ!» ፈገግ አልን። ባለቤቱ ቀና ብሎ አየንና፣ «ምን አሳቃቸው?» አላት።

ለባለቤቱም ስም ለማውጣት ግማሽ ቀን አልፈጀብንም። ጋሼ ሚስማር። ትንንሾቹን ሚስማሮች እፍኝ ሙሉ አፉ ውስጥ ይከትና አንድ በአንድ እያወጣ ይመታል። ስለዚህ አያወራም። እም... እም... ብቻ። ጠበቃው ጠጋ ብሎ፣ «ይሄ ሰውዬ ቢያስነጥሰው ማን ይተርፋል?» አለኝ። ሳቄን እንዴት እንደዋጥኩት እኔ ነኝ የማውቀው።

ቤት ስገባ አክስቴ፣ «እህሳ፣ ይቀጥሩሻል?» አለች። ገና በአንድ ቀን! ግን ገባኝ። ልጇ ሊያገባ ነው፤ እኔ የምተኛበትን ክፍል ይፈልገዋል። ልምምዱ አልቆ ካልተቀጠርኩ የት ነው የምሄደው? ካደግኩበት የሕፃናት ማሳደጊያ፣ ደርሰሻል ተብዬ ከወጣሁ ወዲህ ያለችኝ እሷ ብቻ ናት። እሷም ብትሆን ልጇን ለእኔ ብላ ሜዳ ላይ አትጥለው።

ጥር 9

ቀኑን ሙሉ ካሮጌ ወንበር ሚስማር መንቀል። ጣቶቼ የሌላ ሰው ጣት መስለውኛል። ጠበቃው አልነቀል ካለው ሚስማር ጋር ሲከራከር ዋለ። ሚስማሩ ረታው።

ጥር 20

ትልቅ ሥራ መጣ! የአንድ የስብሰባ አዳራሽ ወንበሮች፣ በሙሉ ወይን ጠጅ ከፋይ ሊለብሱ። ከፋይ ነክቼ አላውቅም ነበር። ሲዳስሱት እንደ ድመት ጀርባ ነው... ለስላሳ፣ ጸጉራም።

ጋሼ ሚስማር መቀሱን ለእኔ ሰጠኝ። ለእኔ! ስልጠና ላይ ጨርቅ ብርቅ ስለነበረ የተማርነው ከየቤቱ በተለመነ አሮጌ አንሶላ ነው። የመደገፊያ ቁራጭ አናቱ ጠበብ ስለሚል፣ አንዱን ራሱን ወደ ላይ፣ ቀጥሎ ያለውን ራሱን ወደ ታች እያዞርን እንቆርጣለን፤ ያኔ ክፍተት አይኖርም፣ የሚጣል አይኖርም። ፈገግ በሉ ፈገግታዋን የምትረሳው አንድ ጨርቅ ስናባክን ብቻ ነበር። እኔም እንደዚያው፣ ሽቅብ ቁልቁል፣ ሽቅብ ቁልቁል... ብዙ ጨርቅ ተረፈ። ጋሼ ሚስማር የተረፈውን አይቶ ቅንድቡን አነሳ። «እም!» አለ። ሙገሳ ነው ብዬ ያዝኩት።

ለአክስቴ ነገርኳት። «እም ብሎ ሰው የቀጠረ አላውቅም» አለች።

ሐሙስ፣ ጥር 30

ወይኔ ዛሬ... ከየት ልጀምር?

ያለቁትን ወንበሮች መስኮቱ ጋ ደረደርናቸው። ግማሾቹ ጥቁር ወይን ጠጅ፣ ግማሾቹ ፀሐይ የበላቸው ይመስላሉ። ጋሼ ሚስማር አፉ ውስጥ ያሉትን ሚስማሮች መዳፉ ላይ ተፋና ለጨርቅ ነጋዴው ደወለ። ሰውየው እያለከለከ መጣ። «ሁለት ዓይነት ቀለም ነው የላክህልኝ!» «ኧረ በልጆቼ፣ ካንድ ፋብሪካ፣ ካንድ ቀን የወጣ ነው!»

ይሄኔ ጠበቃው ብድግ አለ። ስለ ቀለም አነካከር፣ ስለ መጋዘን እርጥበት... ያን ሁሉ ከየት አመጣው? ስለ ቀለም እንደማያውቅ እኔ አውቃለሁ። ነጋዴው ግን ላብ ላብ አለው። መጨረሻ ላይ፣ «እሺ በቃ፣ ሌላ እልካለሁ፤ ይሄን እኔ እከስራለሁ» አለ።

እኔ በዚህ መሃል እጄ አንዱ ወንበር ላይ ነበር። መደገፊያውን ወደ ታች ዳበስኩት፣ ለሰለሰኝ። የሚቀጥለውን ዳበስኩ፣ ሻከረኝ። እጄን ሽቅብ መለስኩት፣ ለሰለሰ። ቀለም አይደለም! የጨርቁ ጸጉር ነው። እዚህኛው ላይ ወደ ታች ይተኛል፣ እዚያኛው ላይ ሽቅብ፤ ብርሃን ሲያርፍበት ሁለት ቀለም ይመስላል። አዙሬ የቆረጥኩት እኔ... አንሶላ ምን ጸጉር አለው?

ዝም ብልስ? ማንም አላወቀም። ሌላ ጨርቅ ይመጣል፣ እኔ እቀጠራለሁ፣ ክፍል እከራያለሁ። ነጋዴውን አየሁት። በመሐረብ ግንባሩን ይጠርጋል። ምስኪን፣ እውነት የእሱ ጥፋት መስሎታል።

«ጨርቁ አንድ ነው» አልኩ። ድምፄ ከየት እንደወጣ እንጃ። ጠበቃው እግሬን ረገጠኝ። «እኔ ነኝ አዙሬ የቆረጥኩት። ዳብሱትና እዩ።» ሦስት ትልልቅ ወንዶች ጎንበስ ብለው ወንበር ሲዳብሱ... ሌላ ቀን ቢሆን በሳቅ እሞት ነበር።

ጋሼ ሚስማር ቀና አለ። «እንዲህ አድርጊ ብሎ ያስተማረሽ ማነው?»

«አሮጌ አንሶላ» አልኩት። እሱ አልሳቀም። ነጋዴው ግን ሆዱን ይዞ ሳቀ፤ ከዚያ ጠበቃውን ከላይ እስከ ታች አየው። «አንተ ልጅ፣ የገዛ ጨርቄን አስካድከኝ እኮ!»

መንገዱን ሙሉ እያለቀስኩ ገባሁ። አክስቴ ሰምታ፣ «ዝም ብትይ ምን ነበረበት?» አለች። ከዚያ ደግሞ፣ «ለነገሩ አንቺ ስትዋሺ አፍንጫሽ ይቀላል፤ ያው ነበር» ብላ ፊቴን በነጠላዋ ጠረገችው።

የካቲት 4

ነቀላ። የደከምንበትን ሁሉ መልሰን ማፍረስ። የተረፈው ጨርቅ ከተበላሸው ግማሹን ሸፈነ። ለቀሪው ጋሼ ሚስማር ራሱ ቁራጮቹን እያዞረ፣ እየቀጣጠለ፣ ስፌቱን በጥለት እየደበቀ ተወጣው። ለእኔም አሳየኝ፤ መቀስ ከማንሳትሽ በፊት በመዳፍሽ ዳብሺ፣ ጸጉሩ የሚተኛበትን በጠመኔ ቀስት አድርጊበት።

አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ዝም ያለ ሰው ምን እንደሚያስብ በምን ይታወቃል?

ዓርብ፣ የካቲት 15

የልምምዱ የመጨረሻ ቀን። ወንበሮቹ ተጭነው ሄዱ። ሁሉም አንድ ቀለም። ደስ ሲሉ!

ፈገግ በሉ መጣች። እኔው ፊት፣ «እህስ፣ ትቀጥራታለህ?» ብላ ጠየቀችው። ጋሼ ሚስማር ወንበሩን እየመታ፣ «እናያለን» አለ። እናያለን! ሰው እናያለን ካለ አለቀለት ማለት ነው። ፈገግ በሉ ፈገግ አለች። ግን እሷ ለቅሶ ቤትም ፈገግ የምትል ሴት ናት፣ ምን ይያዝላታል?

ጠበቃው ግን ተቀጠረ። ማን ጋ? ነጋዴው ጋ! ሱቅ ውስጥ ሻጭ። «ካንተ ጋር ከምከራከር ደሞዝ ብከፍልህ ይሻለኛል» አለው አሉ። ደስ አለኝ። ቀናሁም። ሁለቱም።

ሰኞ፣ የካቲት 18

ጠዋት ልብሴን ሻንጣ ውስጥ እከታለሁ። አክስቴ ሳታየኝ ለማለፍ ስትሞክር ታሳዝናለች። ስልክ ጮኸ።

«የት ነሽ?» ጋሼ ሚስማር! አፉ ባዶ ሲሆን ድምፁ እንዲህ ጎርናና ነው ለካ።

«ቤት... ልምምዱ አልቋል አይደል?»

«ልምምዱ አልቋል። ሥራው አልቋል ያለሽ ማነው?»

«ጋሼ፣ እናያለን ብለው ነበር...»

«ታዲያ ሳትመጪ ምንሽን ነው የማየው?»

አክስቴ እልል ልትል አፏን ከፍታ፣ ጎረቤት ምን ይላል ብላ መለሰችው። እኔ ነጠላ ጫማ እንዳደረግኩ ሮጥኩ። ስደርስ አንድ ትልቅ ጥቅል አሸከመኝ፤ የከፋይ ቁርጥራጭ ነው። «ይሄን ለዚያች ለምትስቀው ሴትዮ አድርሺላት። ልጆቹን ባንሶላ አታታልያቸው በያት» አለኝና ሚስማሩን ጎረሰ።

እሁድ፣ መጋቢት 29

ትናንት የተከራየሁት ክፍል ገባሁ። አንድ መስኮት፣ አንድ አልጋ። ሌላ የለም።

ከሰዓት በኋላ ተንጋልዬ ጣሪያ ሳይ በር ተንኳኳ። አልተነሳሁም። የጎረቤት መስሎኝ። ማሳደጊያው ውስጥ ሁላችንም አንድ አዳራሽ ነበር የምንተኛው፤ የፈለገ ዘው ብሎ ይገባል። አክስቴ ቤትም የሚመጣው ለእሷ ነው፤ ለእኔ ተብሎ በር ተንኳኩቶ አያውቅም። ደግሞ ተንኳኳ።

«አንቺ! ጆሮሽ ተደፈነ እንዴ? እኔ ነኝ!»

አክስቴ! ከፈትኩላት። ዙሪያዋን አየች። «ለሰው ሁሉ ወንበር እያለበስሽ ለእኔ መቀመጫ የለሽም?» አልጋው ላይ ተቀመጠች። ምራቷን እያማን ሳቅን። ሲመሽባት ተነሳች፣ ሸኘኋት፣ በሩን ዘጋሁ። ከዚያ ምን እንደነካኝ እንጃ...

«አክስቴ!» አልኩ፣ ከውስጥ።

«አቤት?»

«እስቲ ደግመሽ አንኳኪ።»

«አብደሻል!» አለች። ግን አንኳኳች።

«ማነው?» አልኩ።