«ቄስ» ብለን በመጻፋችን ስለ ተዘጋብን መስመር

ቀን፦ ጥቅምት 18 ቀን 1990 ዓ.ም. (በእናንተ 1997)
ቡርጅ ሐሙድ

ለክቡር ሙሴ ሥራ አስኪያጅ
ስሙን ለክብሩ ስል ለማልጠቅሰው የኢንተርኔት ኩባንያ
ቤይሩት

ጉዳዩ፦ ለተደረገልን በጎ ነገር ሁሉ ምስጋና ስለ ማቅረብና አንድ ቄስ እንዲፈቱልን ስለ መለመን

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ እርስዎን፣ ማዳምን፣ ልጆችዎንና ዘወትር ተይዞ የሚገኘውን ስልክዎን በፍጹም ጤና ያገኛቸው ዘንድ እመኛለሁ። የስልክዎን ጤና ለብቻ የጠቀስኩት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ከነሐሴ ወር ጀምሮ በደወልንለት ቁጥር «ተይዣለሁ» ከማለት በቀር ሌላ ቃል ስላልወጣው፣ ታሞ ይሆን እያልን ስናስብለት ከርመናል።

በአማርኛ በመጻፌ እንዳይቀየሙኝ። የእኔ አረብኛ ከወጥ ቤትና ከገበያ አያልፍም፤ ፈረንሳይኛዬም «ፓርዶን» እና «መርሲ» ካልኩ በኋላ ኸላስ፣ ያልቃል። ይሁን እንጂ ኩባንያዎ አንድ የአማርኛ ቃል ከሌላው ለይቶ፣ መርምሮና አስነዋሪ ሆኖ አግኝቶ ያገደ ስለሆነ፣ በመሥሪያ ቤትዎ አንድ የአማርኛ ሊቅ መኖሩን ተረድቻለሁ። እባክዎ ደብዳቤውን ለእሱ ይምሩለት። ሊቁ ምናልባት ፈቃድ ላይ ከሆነ፣ ማዳም አራክሲ በፈረንሳይኛ የጻፉት ትርጉም ከጀርባው ተያይዟል።

እኔ ዝናሽ እባላለሁ። አገር ቤት በአንድ መሥሪያ ቤት የታይፕ ጸሐፊ ነበርኩ፤ እዚህ ደግሞ የማዳም አራክሲን ፀጉር ቤት እጠርጋለሁ፣ ፎጣ አጥባለሁ፣ ሰው ሲበዛም ቢጉዲን እጠቀልላለሁ። ማዳም አራክሲ ባላቸው የሞተባቸው፣ የእሑድ ቅዳሴ የማያስታጉሉ አርመናዊት ናቸው። ልጃቸው ወደ ፈረንሳይ ሲሄድ የተወውን ኮምፒዩተር ከፀጉር ማድረቂያው ካስክ አጠገብ አስቀምጠው፣ «ያላ ዝናሽ፣ አንቺ የሠለጠነ ጣት አለሽ፣ አሠሪው» ብለው ሾሙኝ። ከኩባንያዎ ጋር ውሉን የፈረሙትም እሳቸው ናቸው። እርስዎ ኢቃማ፣ ማለትም የመኖሪያ ፈቃድ፣ የሌለውን ሰው ስለማይመዘግቡ፣ የእኔና እዚሁ ፀጉር የምታጥበው የጓደኛዬ የመንበረ ኢቃማ ደግሞ ከፓስፖርታችን ጋር በቀድሞ ማዳሞቻችን ቁም ሳጥን ውስጥ በክብር ተቀምጦ ስለሚገኝ ነው።

ኮምፒዩተሩን ከነአቧራው ያስነሣነው ለጨዋታ አይደለም። መንበረ የምትፈልገው ሰው አላት። አንድ ወንድሟ ቸርነት ከስድስት ዓመት በፊት በሱዳን በኩል እንደ ወጣ ድምፁ ጠፍቷል። አባቷ ደብረ ብርሃን ሆነው በየደብዳቤያቸው መጨረሻ «ከልጁስ ምን ተሰማ?» ብለው ይጠይቃሉ፤ እሷም በየመልሷ «እየጠየቅሁ ነው» ትላለች። ታዲያ በኒውስግሩፕ፣ ያኒ ሰው ከየአገሩ ጽሑፉን በሚለጥፍበትና ሌላው አንብቦ በሚመልስበት በዚያ የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ፣ የአበሾች ክፍል እንዳለ ስንሰማ፣ ይህን ሰሌዳ የሚያሳይና ዋጋው የማያስደነግጥ ኩባንያ ፍለጋ ተነሣን። አንደኛው ሰሌዳውን በታላቅ ዋጋ እንደሚያሳይ ነገረን። ሁለተኛው «ጋዜጣ ከፈለጋችሁ ከፎቁ ሥር ይሸጣል» አለን። የእርስዎ ማስታወቂያ ግን «ርካሽ፣ አስተማማኝ፣ ከኒውስግሩፕ ጋር» ይል ነበር። ከሦስቱ ቃላት አንዱ እውነት ሆኖ ስላገኘነው ምስጋናችን የላቀ ነው፤ በእርግጥ ርካሽ ነው።

ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ፤ የታይፕ ጸሐፊ ልማድ ነው።

1ኛ. ስለ ትዕግሥት ትምህርት። ካስኩና ሞደሙ አብረው ከተነሡ የቤቱ ቆጣሪ ስለሚወድቅ፣ መስመርዎን ስንሞክር ደንበኞች ፀጉራቸው እንደ ራሰ ይጠብቃሉ። ሞደሙ ሲያፏጭ፣ ሲያንቋርርና ሲያቃስት ይሰማሉ፤ ከዚያ ቀጥ። «ገባ?» ይላሉ ከነቢጉዲናቸው። «ተይዟል» እላለሁ። በዚህ ዓይነት ከዓይን ኤል ረማነህ ድረስ የሚመጡ አንዲት ደንበኛችን ራስ ምታት ይዟቸው ሄደዋል፤ ፀጉራቸው ግን በራሱ ጊዜ ደርቆ በጣም አምሮባቸዋል።

2ኛ. ስለ «ቡክራ»። ችግራችንን ባመለከትን ቁጥር ሠራተኞችዎ «ቡክራ» ይሉናል። ቡክራ ማለት ነገ እንደሆነ መጀመሪያ በገባሁበት ቤት ስለ ደመወዜ ስጠይቅ ተምሬዋለሁ፤ ኩባንያዎ ትምህርቱን እንዳልረሳው ስለ ረዳኝ አመሰግናለሁ።

3ኛ. ስለ ንጽሕና። ሰሌዳው ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ ሁሉ፣ ሌላ አገር ያሉ ኩባንያዎች ለሳምንታት ሲያቆዩት፣ እናንተ በየሦስት ቀኑ ጠርጋችሁ ትጥላላችሁ። እኔም ጠራጊ ነኝ፤ ሥራውን አከብራለሁ። ነገር ግን እኔ ፀጉር ስጠርግ ወለሉ ላይ የወደቀ የጆሮ ጌጥ ካለ አንሥቼ አስቀምጣለሁ።

የእኛ የጆሮ ጌጥ እንዲህ ነበር። መንበረ ወንድሟን እንደምትፈልግ ከጻፍን በአሥራ አንደኛው ቀን፣ ለገሰ የሚባል ሰው ከኖርዌይ መልስ ሰጠን። «እኛ ካለንበት ሕንፃ ፎቅ ላይ ቸርነት የሚባል ዝምተኛ ልጅ አለ፤ ከማንም ጋር አይቀራረብም፤ ቸርነት ደግሞ ብዙ ነው፤ የማን ልጅ እንደሆነ ጻፉልኝና በአባቱ ስም ልጥራው፤ ብቻ ወሩ ሲያልቅ ከዚህ ከተማ ስለምለቅ ቶሎ በሉ» ይላል። መንበረ መልእክቱን አራት ጊዜ አስነበበችኝ። አድራሻውን ልገለብጥ እስክሪብቶ ሳነሣ መብራት ሄደ። መብራቱ ሲመለስ ስልክዎ ተይዞ ነበር። ስልክዎ ሲለቀቅ ሦስቱ ቀን አልፎ፣ ሰሌዳው ከነለገሰ አድራሻ ተጠርጎ ጠበቀን።

4ኛ. ስለ ግብረ ገብ። እዚህ ላይ ምስጋናዬ ትንሽ ይረዝማል።

አድራሻው ቢጠፋም ሰሌዳው ላይ ብንጽፍ ለገሰ ያየዋል ብለን መልሱን አዘጋጀን። የመንበረ አባት ቄስ ናቸው፤ ቄስ ገብረ ሥላሴ። ኮምፒዩተሩ የእኛን ፊደል ስለማያውቅ በላቲን ፊደል፣ በኬ ጀምሬ ጻፍኩት። መልእክቱ ተመለሰ። ምናልባት አጠራሩ አልጠራ ይሆናል ብዬ መጨረሻው ላይ ሌላ ኤስ ጨመርኩበት። ተመለሰ። መንበረም፣ «የቄስን ስም እንደ ተራ ሰው በትንንሽ ፊደል ጽፈሽው እኮ ነው» ብላ ስለ ወቀሰችኝ፣ ለክህነቱ በሚገባ ክብር ከላይ እስከ ታች በትልልቅ ፊደል አድርጌ፣ በሦስት ቃለ አጋኖ ደምድሜ ላክሁት።

በማግሥቱ ኩባንያዎ ለማዳም አራክሲ በፈረንሳይኛ አንድ ደብዳቤ ጻፈላቸው። ክብርት ሆይ፣ የሕዝብን ጨዋነት የሚነካ አንድ ቃል በስምዎ ሦስት ጊዜ፣ እየደጋገሙና ድምፅዎን ከፍ እያደረጉ በአደባባይ ስለ ጻፉ መስመርዎ ተቆልፏል፣ ይላል። ማዳም አራክሲ መነጽራቸውን አወለቁ፤ አጠለቁ፤ «ዝናሽ፣ በስሜ ምን ጻፍሽ?» አሉኝ። ቄስ ብዬ መጻፌን፣ ቄስም ምን ማለት እንደሆነ ነገርኳቸው። «ያኒ ዴር ሃይር? የቤተ ክርስቲያን አባት?» ካሉ በኋላ እንባቸው እስኪፈስ ስለ ሳቁ፣ ቀለም የተቀቡ አንዲት ደንበኛ ተረስተው ቡናማ ሊሆኑ መጥተው ብርቱካናማ ሆነው ወጥተዋል።

ቃሉ በእናንተ መንገድ ላይ ምን ማለት እንደሆነ አላውቅም ብዬ አልዋሽም። ከዶራ ሰርቪስ ታክሲ ተሳፍሮ፣ ሾፌሩ መንገድ የዘጋበትን ሰው ሲያነጋግር የሰማ ሁሉ ያውቀዋል። የሴት ገላ የሚነካ ስለሆነ አልተረጉመውም። ግን እርስዎ ራስዎ ይፍረዱ፤ ከስድቡ ቀጥሎ ገብረ ሥላሴ የሚል ስም ጽፎ የሚሳደብ ሰው በየትኛው አገር አለ?

ቴክኒክ ክፍልዎ በስልክ «መዕሌሽ፣ ግድ የለም፣ ሌላ ቃል ተጠቀሙ» ብሎ መክሮናል። አስበንበታል። «አባ» ብንላቸው መነኩሴ ይመስላሉ፤ መነኩሴ አድርገናቸው ስናበቃ ወንድ ልጃቸውንና ሴት ልጃቸውን ይዘን በዓለም ሰሌዳ ላይ ብንወጣ፣ የእርስዎን ጨዋነት አድነን የሳቸውን ልንገድል ነው። ክህነታቸውን ትተን ገብረ ሥላሴ ብቻ ብንልም፣ በዚያ አገር ገብረ ሥላሴ ከቸርነትም ይበዛል። ከዚያም ሁሉ በላይ፣ መስመሩ ተቆልፎ ሳለ ሌላውን ቃል በምን እንደምንልከው ቴክኒክ ክፍልዎ ሳይነግረን ስልኩን ዘግቷል።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ ልመናዬ አጭር ነው። ገንዘባችንን ይመልሱ አላልኩም። መስመርዎን ያፍጥኑ አላልኩም፤ የማይቻል ነገር መጠየቅ ነውር ነው። ዛሬ ማክሰኞ ነው፤ ወሩ በፈረንጅ አቆጣጠር ዓርብ ያልቃል፤ ለገሰም ዕቃውን እየሸከፈ ይሆናል። እስከ ሐሙስ ድረስ ለአንዲት መልእክት ብቻ መስመሩን ይክፈቱልን። የምትይዘው አራት ቃል ነው፦ የቄስ ገብረ ሥላሴ ልጅ። ከዚያ በኋላ፣ ከፈለጉ፣ እስከ ዕለተ ምጽአት ይቆልፉት።

ስልክዎ በተለቀቀባት በዚያች ብርቅ ደቂቃ ቸርነት ላሳየን፣ ቸርነትን ግን ላልሰጠን ኩባንያዎ የማይለወጥ አክብሮቴን እየገለጽኩ፣ ፎጣዬን እንደ ያዝኩ እጅ እነሣለሁ።

የደንበኛዎ ጠራጊ
ዝናሽ
የቀድሞ የታይፕ ጸሐፊ

ግልባጭ፦
ለማዳም አራክሲ፣ በስማቸው ስለ ተጻፈው ሁሉ
ለጎረቤታችን ለሙና ሱቅ መስታወት፣ ላላፊ አግዳሚው እንዲነበብ
ለጨዋነት ተቆጣጣሪው፣ የታገዱ ቃላት ዝርዝሩን እንዲያሟላ

ማስታወሻ፦ ባለፈው ቅዳሜ የላኩልን የቴክኒክ ባለሙያ እጅግ ትጉህ ሰው ነው። ከጠረጴዛው ሥር ተንበርክኮ፣ ሞደሙን ወደ ኩባንያዎ ደጋግሞ አስደውሎ እንቢ ሲለው፣ ደንበኞች በሞሉበት ቤት ድምፁን ከፍ አድርጎ ሦስት ቃላት ተናገረ። የመጀመሪያው ያው በዝርዝርዎ ላይ ያለው ነው፤ ሁለተኛው «እኽት»፣ የእኛው እህት፤ ሦስተኛው «ኸጥ»፣ መስመር። በደንብዎ መሠረት የእሱም መስመር ተቆልፎ እንደሆነ እስካሁን አልሰማንም። መንበረ ግን የደንበኛ ፀጉር እያጠበች ነበር፤ የሰማችው ቄስ፣ እህት፣ መስመር የሚል ነው። አረፋው ከእጇ እየተንጠባጠበ ሮጣ መጥታ ስልኩን አነሣችና «ቸሬ? ቸርዬ፣ አንተ ነህ?» አለችው። ስልክዎም እንደ ልማዱ፣ ተይዣለሁ አላት።