ታንከሩ የያዘው ውሃና የባለቤቴ ስም

መጋቢት 12 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለጨፌ ሶምቦ የውሃ አገልግሎት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ለኦቦ ሞቱማ

ጉዳዩ፦ በአደባባይ ሌባ የተባለው ባለቤቴ በአደባባይ ነጻ ይባልልኝ ስለማለት

ክቡር ኃላፊ፣

1. የውሃ ታንከሩ ጥበቃ የነበረው የጂራ ኤጄታ ሚስት ነኝ። እርስዎ ፊት ቀርቤ በአፌ እንዳልናገር ሐፍረት ቢይዘኝ በጽሑፍ መጣሁ።

2. እንደሚያውቁት፣ ምንጫችን ከደረቀ ወዲህ ከጊንጪ የሚመጣው ቦቴ በየሳምንቱ አንድ ሺህ ስምንት መቶ ሊትር ይገለብጣል፤ ጂራም ተረክቤአለሁ ብሎ ይፈርማል። ባለፈው ጥር ተቆጣጣሪ መጥቶ ታንከሩ ላይ «500 ሊትር» የሚለውን ጽሑፍ አነበበ። «አምስት መቶ በሚይዝ ዕቃ ይህ ሁሉ የት ገባ? ትርፉን ሸጠኸዋል» ተባለና፣ ቅዳሜ ገበያ መሃል፣ በድምፅ ማጉያ፣ በኦሮምኛም በአማርኛም፣ ስሙ ከነአባቱ ተጠርቶ ከሥራ ታገደ። የታንከሩ ግዝፈት ለዓይን የሚጠፋ አልነበረም፤ ምን ይደረግ፣ ከዓይን ይልቅ ጽሑፍ ይታመናል።

3. ከዚያ ወዲያ ያልተባልነው የለም። ከዚያው ታንከር ጀሪካናቸውን ሞልተው የሚሄዱት ሴቶች ሳይቀሩ «ኧረ ቶሎ ቅዱ፣ የጂራ ሚስት ለገበያ ሳትወስደው!» እያሉ ሲሳሳቁ ሰምቻለሁ። አንዷ የልጄ ክርስትና እናት ናት፤ ስሟን አልጽፍም፣ ራሷን ታውቃለች። ወረፋ መቆም ትቼ ወንዝ እየወረድኩ እቀዳለሁ። ጂራም ጎረቤት ሞቶ እንኳ ለቅሶ የደረሰው ሰው ከተበተነ በኋላ ነው።

4. በዚህ ሳምንት ታንከሩ ማንጠብጠብ ጀምሮ የጽሕፈት ቤቱ በያጅ ቀለሙን ሲፍቀው፣ ከሥሩ «500 የአሜሪካ ጋሎን» የሚል የቆየ ጽሑፍ ወጣ። ለካ ታንከሩ ሲመረቅ ለእንግዶች እንዲያምር አረንጓዴ ሲቀባ፣ ቀቢው ቁጥሩን እንዳለ ትቶ ጋሎኑን ሊትር አድርጎት ኖሯል። አንዱ የአሜሪካ ጋሎን አራት ሊትር ሊሞላ ጥቂት ነው የሚቀረው፤ አምስት መቶው ሲሰላ ወደ አንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሊትር ይጠጋል። ቦቴው ያመጣው ሁሉ ገብቶ ቦታ ይተርፋል ማለት ነው።

5. ጽሕፈት ቤትዎ ስሕተቱን አምኖ «ሰኞ መጥተህ ዝም ብለህ ሥራህን ቀጥል» ሲል ልኮበታል። እናመሰግናለን። ግን ክቡር ሆይ፣ በድምፅ ማጉያ የጠፋ ስም በሹክሹክታ ይመለሳል? ጂራ «ሂን ዴሙ፣ አልሄድም» ብሎ ጋቢውን ተከናንቦ ተቀምጧል። እኔስ በምን አፌ ሂድ ልበለው?

ስለዚህ የምለምነው፣ በመጪው ቅዳሜ በዚያው ገበያ፣ በዚያው ድምፅ ማጉያ፣ በሁለቱም ቋንቋ፣ ስሙ ከነአባቱ ተጠርቶ ንጹሕነቱ እንዲነገርልኝ ነው። የሚጠራጠር ካለ ታንከሩ ሰው ፊት በጀሪካን እየተሰፈረ ይሞላ፤ የመጀመሪያውን እኔ እሸከማለሁ። ጂራ ከታማ ወዲህ ሲጠብቀው ከኖረው ውሃ አንድ ጣሳ አልቀመሰም። ያን ዕለት እዚያው ቧንቧ ሥር፣ ሰው እያየው፣ ጠጥቶ ይግባልኝ።

ከአክብሮትና ካቀረቀረ ሰላምታ ጋር

ባየሽ ይገዙ
(ፊርማ)