ሙሽሬ ክንፍ ሳታወጣ

ሐሙስ፣ ኅዳር 3 ቀን 1996

ማሳችን ዛሬም ብሶበታል። ትናንት ላይኛው ጥግ ላይ የነበረው ዛሬ እስከ አጥሩ ወርዷል። የስኳር ድንቹ ቅጠል ወንፊት ሆኖ ጅማቱ ብቻ ቆሟል። ትል ግን የለም። እማዬ «ፀሐይ ነው ያቃጠለው» አለችኝ። ፀሐይ ጥርስ የለውም አልኳት። አልሳቀችም።

እኔም ለመሳቅ አቅም የለኝም። ጠዋት አራተኛ ክፍል፣ ከሰዓት አምስተኛ ክፍል፣ ሁለቱም ሳይንስ፣ ከዚያ እርማት። ግን ይህ ማሳ ከሄደ ከየካቲት ጀምሮ እስከ በቆሎ እሸት ምን እንበላለን? በቆሎው እንደሆነ ዘንድሮ አገዳ ብቻ ነበር።

አመሻሽ ላይ ወጥቼ ጎንበስ ብዬ ጠበቅሁ። ለካ ቀን ቀን ከሐረጉ ሥር፣ በመሬቱ ስንጥቅ ውስጥ ተኝተው ነው የሚውሉት! ፀሐይ ስትጠልቅ አንድ ባንድ ወጡ። ጠጉራቸው የቆመ ወፋፍራም ትሎች። ትንንሽ ሳሉ ድር ሠርተው አንድ ቅጠል ላይ ተፋፍገው ይበላሉ፤ ሲያድጉ ይበታተናሉ፣ መደበቅም ይማራሉ። ይህን ሰሌዳ ላይ ስጽፈው ቀላል ነበር።

ዓርብ፣ ኅዳር 4

ፈረቃዬን ከባልደረባ ጋር ተቀያይሬ ሶዶ ግብርና ቢሮ ወረድኩ። የትል መድኃኒቱ አልቋል፣ የቀረው ወደ ሁምቦ ሄዷል አሉኝ። መቼ ይመጣል? «ሲመጣ እንነግራችኋለን።» በሚኒባስ ሰው ጉልበት ላይ ተቀምጬ ወደ ሻንቶ ተመለስኩ።

ያሰብኩት፦ በእጅ መልቀም። አመድ መነስነስ። ዶሮዎቹን መልቀቅ።

ዶሮዎቹን ለቀቅኋቸው። ቀይዋ አንዱን ጎርሳ ወዲያው ተፋችው፣ አፏንም መሬት ላይ ጠረገች። ሌሎቹ እሷን አይተው ዞር አሉ። ትሉ መራራ ነው ለካ፤ ከሚበላው ቅጠል ለራሱ መከላከያ ይሠራል። እስኪመሽ በእጄ ለቀምኩ። ወገቤ የኔ አይመስለኝም። እህቴ ብርቱካንም አብራኝ ለቀመች። በጥር ታገባለች፤ እጮኛዋ ለሥራ አዋሳ ከሄደ ወዲህ ወሬው ስለጠፋ ፊቷ ጠቁሯል። ስለ ትል እንጂ ስለ እሱ አላወራንም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 5

ትሉ ጠፋ! ቀንም የለም፣ አመሻሽም የለም። እማዬ እጇን ወደ ላይ ዘርግታ እዚያው ማሳው መሃል ጸለየች። እኔም አሜን ብዬ ጫማዬን አወለቅኩ፤ ልተኛ ነበር።

ከዚያ የጓሮውን ግድግዳ አየሁት። ከጣሪያው ክዳን ሥር፣ በአጥሩ እንጨት ላይ፣ በበሩ መቃን ላይ ተዘቅዝቀው ተንጠልጥለዋል፤ ቢጫ፣ ጥቁር ነጠብጣብ ያለባቸው። አንዱን ስነካው ሆዱን አወዛወዘ። አልሞቱም። አፍ የላቸውም፣ እግር የላቸውም፣ ዝም ብለው ልብስ እየቀየሩ ነው። ከጥቂት ቀን በኋላ ቢራቢሮ ይሆኑና ቅጠሉ ሥር እንቁላል ይጥላሉ። ከዚያ ሁሉም እንደገና።

እማዬ ልታምነኝ አልቻለችም። «እግዚአብሔር ያነሳውን አንቺ ትመልሻለሽ?» አለችኝ። አለቀስኩ፣ ከድካም ነው። የኛን ግድግዳ ብቻ ብናጸዳ ደግሞ የጎረቤት ቢራቢሮ ይመጣል። ሳይቃጠል በቅጠል ብዬ ለቤተ ክርስቲያን ማስታወቂያ ጻፍኩ።

እሁድ፣ ኅዳር 6

ምነው እጄ በተሰበረ።

የጻፍኩት ይህ ነበር፦ «እጩ ሲጠፋ ሞተ አትበሉ። ሙሽሬ ሆኖ በየግድግዳው ተንጠልጥሏል። ሙሽሬው ክንፍ አውጥቶ ሳይበር ፈልጋችሁ ያዙ።» እንደ መጽሐፉ ነው የጻፍኩት። መጽሐፉ ትሉን እጭ፣ ተሸፋፍኖ የሚቀመጠውን ሙሽሬ ይለዋል። ትል የሚለውን ቃል አንድ ጊዜ እንኳ አልጻፍኩም! ሳይንስ ማስተማር እንዲህ ያደርጋል።

የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ወረቀቱን ተቀብለው «ከአስተማሪ ማርታ የመጣ» ብለው እዚያው በወላይትኛ ተረጎሙት፦ «እጮኛው ቢጠፋ ሞተ አትበሉ። ሙሽራዋ ክንፍ አውጥታ ሳትበር ያዟት።»

ጉባኤው ሁሉ ዞሮ ብርቱካንን አየ። የእጮኛዋ እናት ወይዘሮ ዘነበች ከፊታችን ነበሩ። እሳቸው አልዞሩም። ነጠላቸውን አስተካክለው ወጡ።

ከሰዓት ሽማግሌውን አገኘኋቸው። «ሙሽሬ ሙሽራ አይደለም እንዴ? ትል ከሆነ ትል ተብሎ አይጻፍም?» አሉኝ። ብርቱካን እህል አልቀመሰችም። አንድም ሰው ግድግዳውን አላየም።

ሰኞ፣ ኅዳር 7

ወይዘሮ ዘነበች በጠዋት መጡ። ግቡ ብንላቸው አልገቡም፣ በር ላይ ቆሙ። «ልጄ ሥራ ላይ ነው እንጂ አልጠፋም። ልጃችሁ ወዴት ልትበር ነው?»

እጃቸውን ይዤ ወደ ጓሮ ወሰድኳቸው። አንዷን ከግድግዳው ነቅዬ መዳፋቸው ላይ አደረግኳት። ስትወዛወዝ «ውይ!» ብለው ጣሏት።

«ይቺ ናት ሙሽራዋ?»

«ይቺ ናት እማማ።»

ሳቃቸው መንገድ ድረስ ተሰማ። ከዚያ ድንገት ወደ ግድግዳው ቀና አሉ። «የኔ ቤት ግድግዳ ሞልቶታል እኮ። ጌጥ መስሎኝ ልጆቹ እንዳይነኩት ከለከልኩ።» ሳይቀመጡ ወጡ፣ መንደሩን ለዳጎ፣ ለደቦ ሥራ፣ ሊጠሩ። ዳጎ ለአረም ሲጠራ አውቃለሁ፤ ለዚህ ሲጠራ የመጀመሪያዬ ነው።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 8

መንደሩ ሁሉ ወጣ። የተሳሳተውን ቃል ማንም አልረሳውም፤ ትክክል ብጽፈው ኖሮ ግማሹ አይመጣም ነበር። አንዲት ሴት የበር መቃን ሥር ሙሽሬ ባገኘች ቁጥር እልል ትላለች፣ ከማዶ ሌላዋ «ሙሽራዋ ተያዘች!» ትላለች። ሽማግሌው ራሳቸው መሰላል ይዘው መጡ፣ ጣሪያ ሥር ያለውን ሁሉ አወረዱ። የተለቀመው በየጣሳው ሆኖ እሳት ውስጥ ገባ። እማዬ ለለቃሚዎቹ የቦዬ ሥር ቀቅላ በዳጣ በርበሬ አቀረበች።

አንዳንዱ ባዶ ቅርፊት ነበር። ቀድመውን በረዋል። ብርቱካናማ ቢራቢሮዎች ማሳው ላይ ቀስ ብለው ሲበሩ አየሁ፤ ወፍ እንደማይነካቸው ያውቃሉ መሰለኝ፣ ምንም አይቸኩሉም። ማማራቸው አናደደኝ።

ሰኞ፣ ኅዳር 14

ሳምንቱን ሙሉ ቅጠል ስገለብጥ ሰነበትኩ። ልጽፍ አልቻልኩም፣ እስክሪብቶ እንደያዝኩ እንቅልፍ ይወስደኛል። ቢጫ የእንቁላል ክምችት ያለበትን ቅጠል እየቀጠፍን እናቃጥላለን። ዛሬ ጠዋት ጥቂት አገኘሁ። ያላየሁት ስንት እንደሆነ አላውቅም።

ግን ከሐረጉ አንገት ላይ አዲስ ቅጠል ወጥቷል፣ ሙሉ፣ ቀዳዳ የሌለው። እማዬ ጣቷን አስገብታ ሥሩን ዳሰሰች። «ይዟል» አለች። እኔም አጠገቧ አፈሩ ላይ ተቀመጥኩ። የካቲትን ልናየው ነው መሰለኝ።

ከአዋሳ ገና ወሬ የለም። ብርቱካን ግን መብላት ጀምራለች።

ወደ ትምህርት ቤት ስወጣ ወይዘሮ ዘነበች ከማዶ ጮኸው «ሙሽሬያችን እንዴት አደረች?» አሉኝ። የትኛዋን እንደጠየቁ አላወቅሁም።

«አልበረረችም እማማ» አልኳቸው።