ያባረርኩት ልቅሶ ደራሽ

መጋቢት 9 ቀን 2004
ሙቀቱ ከጠዋት ጀመረ። ማሽላ ስለቅም ጎረቤቴ ታንጉት መጥታ ሰፌዱን ቀማችኝ። «አንቺ፣ እህሉን እየጣልሽ ጠጠሩን ነው እኮ የምታስቀሪው!» አየሁት። እውነቷን ነው... ልጄ ገሰሰ ከሞተ ሁለት ወር።

መጋቢት 14
ዛሬም አዛናውን ረገምኩ። የጎጃሙን ልጅ። ኮኪት ቆላ ወርደው ሰሊጥ ሲያጭዱ ከልጄ ጋር አንድ ዳስ አደሩ፣ ከአንድ ጀሪካን ጠጡ። አዛናው ያስል ነበር። የሳንባ ነቀርሳ ተባለ። ቀጥሎ ልጄ ሳለ። የኤች አይ ቪ ቫይረስ በደሙ ነበርና አቅም አጣ። አዛናው ልቅሶ ሊደርስ ሲመጣ «ገዳይ!» ብዬ ከድንኳኑ በር መለስኩት። ሰው ሁሉ ሰማ። ደግ አደረግኩ።

ሚያዝያ 3
ነርሷ ምስራቅ ጤና ጣቢያ አስጠራችኝ። ልጄ ሳይሞት የሰጠው አክታ ለምርመራ ተልኮ ነበር። የተህዋስያኑን ዘር ለይተው ላኩ።
«እማማ፣ ነቀርሳ አልነበረም።»
«ታዲያ ምን?»
«የነቀርሳ ዘመድ ነው፣ ግን ሌላ ዓይነት። አፈርና ውሃ ውስጥ ይኖራል። የደከመ ሰውነት ሲያገኝ ይገባል።»
«ከጓደኛው...?»
«ከሰው አልያዘውም።»
«የነቀርሳውን ክኒን እኮ እስኪሞት ዋጠ!»


ሚያዝያ 4
ምንም አልሠራሁም።

ሚያዝያ 11
ምነው ባልነገረችኝ? አሁን ማንን ልርገም? አፈርን? ልጄ እኮ እዚያው ነው ያለው።

ግንቦት 2
ታንጉት አዛናውን ኮኪት አይታዋለች። «አብሮት የሚበላ የለም» አለች። ማን አስተማራቸው?...

ግንቦት 5
በጭነት መኪና ሄድኩ። ከሠራተኞቹ ርቆ ዛፍ ሥር ተቀምጧል። አጥንቱ ቀርቷል። ሲያየኝ ሊሸሽ ተነሣ።
«እማማ፣ እዚህም ድረስ መጡብኝ?»
«መድኃኒትህን ትውጣለህ?»
«ከልቅሶው ወዲህ ተውኩት። የጤና ጣቢያው መንገድ በደጅዎ ነው። ማለፍ ፈራሁ።»
እንደ ምስራቅ ማስረዳት አቃተኝ። «አንተ አይደለህም፣ አንተ አይደለህም» ብቻ አልኩ። ይቅር በለኝ ማለት እንኳ ረሳሁ።
«አሁን ላልቅስለት?» አለኝ።
«አልቅስ።»
«ገሴ... ገሴ...» ሳሉ እያቋረጠው አለቀሰ።

ግንቦት 6
ይዤው መጣሁ። ምስራቅ ስታየው ፊቷ ጠቆረ።
«ይድናል?» አልኳት።
«ዘግይቷል፣ እማማ። ከመጀመሪያው እንጀምራለን።»
አልዋሸችኝም። መዝገቡን ከፈተች። ክኒኑን በየቀኑ ሲውጥ የሚያይለት ሰው ስም ያስፈልጋል አለች። አዛናው «ማንም የለኝ» አለ።
«እኔን ጻፊ» አልኳት።