ለእናትህ ያገኘሁት ቤት

ታዴ ሆዴ፣

ወደ ሥራ እንደወጣህ ከቀረህ ሁለተኛው ክረምት ገባ። ያላንተ የከበደኝ ብዙ ነው፤ ቤት ፍለጋ ግን ከሁሉም ባሰብኝ።

አቃቂ የነበርንበት ግቢ ተሸጠ። የገዛው ሰውዬ ሊያፈርሰው ነውና ልቀቁ አለን። እኔ፣ ልጃችን ሜሮንና እናትህ እቴቴ መግቢያ አጣን።

ቤት ስናይ የምታደርገው ትዝ አለኝ። ደላላው ስለ ሰፈሩ ሲለፈልፍ አንተ ቀድመህ ቧንቧውን ትከፍታለህ። አዲስ ቀለም ካየህ ጎንበስ ብለህ የግድግዳውን ሥር በመዳፍህ ትዳብሳለህ፤ "ይሄ ቀለም እርጥበት ሊደብቅ ነው የተቀባው" ትለኝ ነበር። ከዚያ ጎረቤት ታንኳኳለህ፤ ውሃ መቼ እንደሚመጣ፣ ቆጣሪው የጋራ መሆን አለመሆኑን፣ የቀድሞው ተከራይ ለምን እንደለቀቀ ትጠይቃለህ። እኔ አፍሬ እጅጌህን እጎትት ነበር።

ዘንድሮ ሁሉንም እንዳንተ አደረግሁ። ቃሊቲ፣ ከማረሚያ ቤቱ ጀርባ፣ ደረጃ የሌለው ቤት አገኘሁ። ግድግዳው ደረቅ ነው፣ ውሃው ግቢው ውስጥ ነው፣ ሽንት ቤቱም ለእቴቴ ጉልበት ቅርብ ነው። ልስማማ ስል አከራይዋ ስለ ባለቤቴ ጠየቁኝ። እንደሞትክ ነገርኳቸው። ቀና ብለው በሩ ላይ የቆሙትን እቴቴን አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"አትቀየሚኝ የኔ ልጅ፤ እሳቸው አንድ ነገር ቢሆኑ ድንኳኑ የሚተከለው እኔ ግቢ ነው።"

እቴቴ ሰምተዋል። ታክሲው ውስጥ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣል አደረጉ፤ እስክንደርስም አላነሱትም።

ከዚያ በኋላ ያየኋቸው አከራዮችም ሰበብ አላጡም። የመልቀቂያችን ቀን ሲደርስ የተገኘው ኮዬ ፈጬ፣ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ነው። ቧንቧውን ስከፍተው አየር ብቻ ተነፈሰ። ጎረቤቷ ውሃው እስከዚህ የሚወጣው አልፎ አልፎ እንደሆነ አልደበቀችኝም። እያየሁ፣ እያወቅሁ፣ እሺ አልኩ። ሌላ ምን ልበል?

የገባን ቀን ዕቃ የሚያወርዱት ልጆች እቴቴን በወንበር ተሸክመን እናውጣቸው ቢሉ እሳቸው እምቢ አሉ። የደረጃውን ብረት ይዘው፣ በየፎቁ እየተቀመጡ ወጡ። እኔ ከኋላ ወገባቸውን ደግፌ ነበር። በሩ ጋ ሲደርሱ ቁልቁል አዩና "እንግዲህ የምወርደው በሰው ትከሻ ነው" አሉ። ሜሮን እያየችኝ ስለነበር እንባዬን ዋጥኩት።

እውነትም ከዚያ ወዲህ አልወረዱም። ቤተ ክርስቲያን መሳለም ቀረ፣ የማኅበር ጓደኞቻቸውም ቀሩ። ጠዋት ስወጣ መስኮቱ ጋ ትቻቸው እሄዳለሁ፤ ስመለስም እዚያው ናቸው። የሚታያቸው ሌላ ሕንፃ ነው።

ትናንት ከሥራ ገብቼ ጫማዬን ሳወልቅ "ታደሰ ደክሞት ሲመጣ ይሄን ሁሉ ደረጃ እንዴት ይወጣዋል?" አሉኝ። የሚቀልዱ መሰለኝ። አይቀልዱም። ዓይኖቻቸው መልስ እየጠበቁ ነበር።

"ይወጣዋል፣ እቴቴ" አልኳቸው። ያን ማታ ራት የበላ አልነበረም።

ታዴዬ፣ የሚያጽናና ወሬ ብጽፍልህ ደስ ባለኝ፤ የለኝም። እናትህ መሞትህን እየረሱ ነው። እኔ ግን እስካለሁ ድረስ፣ የእሳቸውንም ድርሻ ጨምሬ፣ አስታውስሃለሁ።

አልማዝህ