“እናንተ ጋ እንዴት ነው?”፦ የአቶ ጀማነህ ፈይሳ የሕይወት ታሪክ

አቶ ጀማነህ ፈይሳ ከአባታቸው ከአቶ ፈይሳ ጉደታ እና ከእናታቸው ከወ/ሮ አስካለ ተክሌ በቀድሞው ከፋ ጠቅላይ ግዛት በአጋሮ ከተማ ጥቅምት 12 ቀን 1951 ዓ.ም. ተወለዱ። አባታቸው ልብስ ሰፊ ነበሩ። አቶ ጀማነህ አፍ ከፈቱበት ጊዜ ጀምሮ ጥያቄ ያበዙ እንደነበር እናታቸው ይናገሩ ነበር። ልብስ ሊያሰፋ የመጣውን ሰው ሁሉ ከየት እንደመጣ፣ አገሩ ምን እንደሚበላ፣ ሙሽራ በምን እንደምትሄድ ስለሚጠይቁ፣ አባታቸው “ይህ ልጅ ደንበኛ ሊያባርርብኝ ነው” እያሉ ወደ ጓሮ ይሰዷቸው ነበር። እሳቸው ግን በሌላው በር ዞረው ይመለሱ ነበር።

ትምህርታቸውን በአጋሮ እስከ ስምንተኛ ክፍል ተከታተሉ። በ1966 ዓ.ም. አባታቸው በማረፋቸው ግን አቋረጡ። አቶ ፈይሳ ከመሞታቸው ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ ወንጌልን አምነው ስለነበር የሠፈሩ እድር ከአባልነት ሰርዟቸው ነበር። ስለዚህ በቀብራቸው ቀን ጥሩምባ አልተነፋም፣ ድንኳን አልተተከለም፣ ቃሬዛ የሚይዝ ሰውም አልመጣም። የመጡት ጎረቤታቸው አናጺው አባ ዱራ ከወንዶች ልጆቻቸው ጋር ብቻ ነበሩ። አባ ዱራ ሙስሊም ስለሆኑ የእኛን ሥርዓት አያውቁም ነበር። ስለዚህ ወ/ሮ አስካለን “እናንተ ጋ እንዴት ነው የሚደረገው? ንገሪኝ፣ እንደዚያው አደርጋለሁ” አሏቸው። መቃብሩን ቆፈሩ፣ አስከሬኑንም ተሸከሙ። አቶ ጀማነህ ስለዚያ ቀን ብዙ አያወሩም ነበር። የአባ ዱራን ጥያቄ ግን ዕድሜ ልካቸውን ሲጠይቁት ኖሩ።

ከዚያ በኋላ ጅማ ወርደው ጋራዥ ውስጥ ሠሩ፤ መንጃ ፈቃድም አወጡ። ከ1976 እስከ 1983 ዓ.ም. በአንድ የእርዳታ ድርጅት ተቀጥረው በኢታንግ መጠለያ ለነበሩት የደቡብ ሱዳን ስደተኞች ውሃ በቦቴ ያመላልሱ ነበር። ሌሎቹ ሾፌሮች ውሃውን አራግፈው ወዲያው ሲመለሱ፣ እሳቸው ዛፍ ሥር ተቀምጠው ይጠይቁ ነበር። አንድ ቀን አንድን የኑዌር ሽማግሌ በግንባራቸው ላይ ያለው ጭረት ምን እንደሆነ ቢጠይቋቸው፣ ሽማግሌው “አንተስ ለምን የለህም? የሚያስብልህ አባት አልነበረህም?” ብለው መለሱላቸው። አቶ ጀማነህ ይህን ባወሩ ቁጥር ይስቁ ነበር። “ጠያቂም ይጠየቃል” ይሉ ነበር።

በ1981 ዓ.ም. ከወ/ሮ ጽጌረዳ መንገሻ ጋር በጅማ በጋብቻ ተሳስረው ወ/ሪት ሩሃማንና አቶ ቢሩክን ወለዱ። ለወ/ሮ ጽጌረዳ ዲቪ ስለደረሳቸው እ.ኤ.አ. በ2006 ከነቤተሰባቸው አሜሪካ፣ ኮለምበስ ከተማ ገቡ። አቶ ጀማነህ መጀመሪያ ዌርሃውስ፣ የዕቃ መጋዘን ውስጥ፣ ሠሩ፤ ቀጥሎ የኤርፖርት ቫን ሾፌር ሆኑ። ሥራውን በጣም ይወዱት ነበር፤ ከየአገሩ የሚመጣ ሰው ከኋላቸው ስለሚቀመጥ የሚጠይቁት አያጡም ነበር። የልጅ ልጃቸው ሔርሞን ከትምህርት ቤት ስትመለስ አንድ ነገር ይጠይቋታል፤ እሷም “አይ ዶንት ኖው” ትላለች። እሳቸው “ታዲያ ነገ ጠይቂና ንገሪኝ” ይሏታል። ነገም አይረሱትም ነበር።

በኮለምበስ ሂልቶፕ ሠፈር ቤት ከገዙ በኋላ የአካባቢው ኢትዮጵያውያን መረዳጃ እድር ሲቋቋም፣ ከመሥራቾቹ አንዱ ሆነው የንብረት ኃላፊነቱን ተረከቡ። የእድሩ ድስቶች፣ ወንበሮችና ድንኳን ጋራዣቸው ውስጥ ተቀመጡ። መኪናቸው ውጭ በረዶ ላይ ታድር ነበር። ወ/ሮ ጽጌረዳ “ከእኔ ይልቅ ለድስቱ ያዝናሉ” እያሉ ያሾፉባቸው ነበር። የእድሩ አባላት ኦርቶዶክስም፣ ጴንጤም፣ ሙስሊምም ናቸው። ሥጋ የሚያለያያቸው ስለሆነ፣ ለለቅሶ ቤት የሚሠራው ምግብ ከመጀመሪያው ጀምሮ ምስርና ሽሮ፣ ጎመንና ሩዝ ብቻ ሆነ።

እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2025 ሮሂንጋ የሚባሉ ብዙ ቤተሰቦች በአንድ ሳምንት ውስጥ ኮለምበስ ገቡ። ሮሂንጋዎች በበርማ ከቀያቸው በእሳትና በጥይት የተባረሩ ሙስሊሞች ናቸው። እነዚህ ባንግላዴሽ ባለው መጠለያ ለዓመታት ከቆዩ በኋላ የአሜሪካ በር ለስደተኞች ሳይዘጋ ቶሎ ይግቡ ተብለው የመጡ ነበሩ። ከገቡ በኋላ ግን የሚቀበላቸው የስደተኞች ቢሮ በጀቱ ቆሞ ሠራተኞቹን አሰናበተ። አቶ ጀማነህ አንዱን ቤተሰብ ከኤርፖርት አምጥተው ብሮድ ስትሪት ላይ ባለ ሞቴል አድርሰዋቸው ነበር። በማግሥቱ እንዴት እንዳደሩ ሊጠይቁ ሲሄዱ፣ ሞቴሉ ያለ ካልሲ በነጠላ ጫማ የቆሙ ልጆች ሞልተውበት አገኙ። የሚበላ አልነበረም። ለቢሮው ኮል ቢያደርጉም የሚያነሣ የለም። ሞቴሉም በአንድ ሳምንት ውስጥ ልቀቁ ብሏቸው ነበር።

እሑድ ከአምልኮ በኋላ የእድሩን ኮሚቴ ጋራዣቸው ውስጥ ሰበሰቡ። ድስቱና ወንበሩ፣ የአባላቱም ጉልበት ለእነዚህ ሰዎች እንዲወጣ ጠየቁ። ገንዘብ ያዧ እትዬ ገነት አልተስማሙም። “ጋሼ ጀማነህ፣ እድር እኮ ኤንጂኦ አይደለም። እድር የሚንቀሳቀሰው ሰው ሲሞት ነው። እስቲ ማን ሞተ?” አሏቸው። ሌላው የኮሚቴ አባል ጋሼ ጎሹም “እሳቸው የሚጠይቁት አዲስ ሰው አግኝተው ነው እንጂ” ብለው አሳቁ። አብዛኛው ሰው ከእትዬ ገነት ጋር ነበር፤ ዕቃው ለማያውቁት ሰው ከወጣ አባልነታቸውን እንደሚተዉ የተናገሩም ነበሩ። እድሩ በዚያ ቀን ሊፈርስ ይችል ነበር። አቶ ጀማነህ እድር አይሆንም ሲል ምን እንደሚመስል በልጅነታቸው አይተዋል። ሆኖም የአባታቸውን ነገር አላነሡም። የጋራዡን ቁልፍ አውጥተው ድስቱ ክዳን ላይ አስቀመጡና “እኔ ማን እንደሞተ አላውቅም። ሄደን ማን እንደሞተባቸው እንጠይቃቸው። ማንም ካልሞተባቸው ቁልፉን ውሰዱት” አሉ።

በማግሥቱ ሄዱ። እትዬ ገነትና ሌሎቹ ሴቶች ለቅሶ ቤት እንደሚሄድ ሰው ጥቁር ለብሰው፣ ወንዶቹ ወንበር ተሸክመው ሞቴሉ ውስጥ ሲገቡ፣ ሮሂንጋዎቹ ደነገጡ። ሰው ሞቶባቸው የመጡ መስሏቸው ማጽናናት የጀመሩ ሁሉ ነበሩ። እንግሊዝኛ የምትችል ሮሺዳ የምትባል ወጣት ነበረች። አቶ ጀማነህ በእሷ በኩል አባቷን አቶ ካማል ሁሴንን “በእኛ አገር ሰው የሞተበትን ዘግይተን ብንሰማም ለቅሶ እንደርሳለን። ከቤታችሁ ማን ሞተባችሁ?” ብለው ጠየቋቸው።

አቶ ካማል ባለቤታቸውና ታላቅ ወንድ ልጃቸው ወንዝ ሲሻገሩ መሞታቸውን ተናገሩ። ከጎናቸው የነበረው ሰው የእናቱን ስም ጠራ። ከዚያ ከየክፍሉ እየወጡ አንዱ ወንድሙን፣ አንዷ ሕፃኗን ይናገሩ ጀመር። ሮሺዳ ሁሉንም ተርጉማ ማዳረስ አልቻለችም። ሲመዘገቡ ስንት እንደሆኑ ብዙ ሰው ጠይቋቸዋል፤ የሞቱባቸውን ሊያለቅስላቸው የመጣ ሰው ግን አልነበረም። እትዬ ገነት መጀመሪያ ተቀመጡ፤ ቀጥለው “ወይኔ፣ ወይኔ ልጄን” ብለው እንደ አገራችን ወግ ድምፃቸውን አውጥተው አለቀሱ። ሌሎቹም ተከተሏቸው። አቶ ካማል ተነሥተው በእጃቸው እንዲያቆሙ ምልክት ሰጡ። እነሱ ጋ ለሙት በጩኸት አይለቀስም። አቶ ጀማነህም “እናንተ ጋ እንዴት ነው?” አሉ። አቶ ካማል መዳፋቸውን ከፍተው ጸለዩ። የእድሩ አባል ወ/ሮ ፍርዶስ አብረዋቸው እጃቸውን ዘረጉ፤ ሌሎቻችን አንገታችንን ደፍተን ቆምን። ሲያበቃ እትዬ ገነት ዓይናቸውን ጠርገው ወደ ጋሼ ጎሹ ዞሩና “ምን ቆመሃል? ድስቱን አምጣ እንጂ” አሏቸው።

እድሩ ሳይፈርስ ቀረ። ሞቴሉ የጊዜ ገደቡን እንዲያራዝም እትዬ ገነት ራሳቸው ገብተው ከባለቤቱ ጋር ተነጋገሩ። አባላቱ ብርድ ልብስና የክረምት ጫማ አሰባሰቡ፤ ልጆቹን ትምህርት ቤት አስገቡ፤ ሐኪም ቤት አመላለሱ። ሂልቶፕ ውስጥ የሚከራዩ ቤቶችም ተፈለጉ። ሴቶቹ በየቀኑ ምስርና ሽሮ፣ ጎመንና ሩዝ እየሠሩ ይወስዱ ነበር፤ ሙስሊሞቹን በሥጋ እንዳናስቸግር ብለው ነው።

አንድ ቅዳሜ እንደ ወትሮው ምግብ ይዘው ሲደርሱ ግን በሞቴሉ ትንሽ ምድጃ የተሠራ የዶሮ ወጥ ቀርቦ ጠበቃቸው። ሮሺዳ እያፈረች “አባቴ ነው። እነዚህ ደጎች ሥጋ በልተው አያውቁም፣ በጣም ድሆች ናቸው፣ እየተራቡ እኛን ያበላሉ ብሎ አዘነ” አለች። እትዬ ገነት ግድግዳ ይዘው ሳቁ። ቀጥሎ ግን ሁሉም እርስ በርሱ ተያየ፤ ዶሮው የሙስሊም ባርኮት ነው። አቶ ጀማነህ ቁጭ ብለው ድስቱን በጥሞና ከተመለከቱ በኋላ “እናንተ ጋ ዶሮ ስንት ብልት ይወጣዋል?” ብለው ጠየቁ። አቶ ካማል እንደማይቆጠር መለሱ። እትዬ ገነት “ሳይቆጠር?!” ብለው ከዶሮው ባርኮት ይልቅ በዚህ ደነገጡ። አቶ ጀማነህ በሉ። ጋሼ ጎሹም “ጌታ ሆይ፣ እዚህ ሞቴል ውስጥ አላየኸኝም” ብለው በሉ። ያልበሉም ነበሩ። ለምን እንዳልበሉ ወ/ሮ ፍርዶስ ለሮሺዳ አስረዷት። እሷም ለአባቷ ነገረቻቸው። አቶ ካማል አልተቀየሙም፤ በጣም ገርሟቸው ጥያቄ በጥያቄ ላይ ደራረቡ። አቶ ጀማነህ ጓደኛ ያገኙት ያን ጊዜ ነው።

ከዚያ በኋላ አቶ ጀማነህ ለአቶ ካማል መኪና መንዳት አስተማሯቸው። በዚያው ዓመት ቤት የተከራዩት ቤተሰቦች የእድሩ አባል ለመሆን ጠየቁ፤ ስማቸውን በአባልነት የመዘገቡት እትዬ ገነት ናቸው።

አቶ ጀማነህ በኩላሊት ሕመም ምክንያት ለረጅም ጊዜ በሕክምና ሲረዱ ቆይተው፣ ካለፈው መስከረም ጀምሮ ዳያሊስስ ይወስዱ ነበር። ልጆቻቸው ሥራ ላይ በሚሆኑበት ጊዜ የሚያመላልሷቸው አቶ ካማል ነበሩ። አቶ ጀማነህ ማሽኑ ደሙን እንዴት እንደሚያጥብ፣ የሚያጥበው ነገር ወዴት እንደሚሄድ ነርሶቹን ጠይቀው ካወቁ በኋላ፣ አጠገባቸው ለተኛ በሽተኛ ሁሉ ያስረዱ ነበር። ሕመሙ በበረታባቸው በመጨረሻው ሳምንት፣ አቶ ካማል ከሮሺዳ ጋር መጥተው አልጋቸው አጠገብ ተቀመጡ። በልጃቸውም በኩል “ጋሼ ጀማነህ፣ እናንተ ጋ ሰው ሲሞት እንዴት ነው የሚደረገው? ንገረንና እንደዚያው እናደርጋለን” አሏቸው።

አቶ ጀማነህ ይህን ሲሰሙ ለረጅም ጊዜ ዓይናቸውን ጨፈኑ። የአባ ዱራን ጥያቄ እንደገና የሰሙ ያህል ነበር። ቀጥለው ግን ፊታቸው በርቶ መናገር ጀመሩ፤ ድካማቸውንም ረሱት። መጀመሪያ ማን እንደሚነገረው፣ ወንበሩ ከየት እንደሚጀመር፣ የድንኳኑ አጭሩ እግር የትኛው እንደሆነ፣ የትልቁ ድስት እጀታ ልል ስለሆነ ከሥር መያዝ እንዳለበት ነገሯቸው። መጨረሻ ላይም “እኛ እንጮኻለን። አትደንግጡ። ስንጨርስ ዝም እንላለን” አሉ። ሮሺዳም እየሳቀች፣ እያለቀሰችም ተረጎመች።

አቶ ጀማነህ ፈይሳ ሐሙስ ሚያዝያ 15 ቀን 2018 ዓ.ም. ከቀትር በኋላ፣ ባለቤታቸውና ልጆቻቸው በተገኙበት በ67 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። ባለቤታቸው ወ/ሮ ጽጌረዳ መንገሻ፣ ልጆቻቸው ሩሃማና ቢሩክ፣ የልጅ ልጃቸው ሔርሞን፣ የወንድሞቻቸው ልጆች፣ የእድራቸው አባላትና ብዙ ወዳጆቻቸው ከኋላቸው ቀርተዋል።

ዛሬ የተቀመጣችሁባቸውን ወንበሮች ከጋራዡ አውጥተው የደረደሩት አቶ ካማልና የሮሂንጋ ወንዶች ናቸው። ከቀብር መልስ የምንቀምሰውን ምግብ ከንጋት ጀምረው የሠሩት ሮሺዳና እናቶቹ ናቸው። ምስርና ሽሮ፣ ጎመንና ሩዝ ነው። ሥጋ ለምን እንደሌለበት የማታውቁ እንግዶች ካላችሁ፣ አጠገባችሁ የተቀመጠውን ሰው ጠይቁ። ጋሼ ጀማነህ ብትጠይቁ ደስ ይላቸው ነበር።

ከእናታቸው ማኅፀን ጀምሮ ያወቃቸው አምላክ ነፍሳቸውን በዕረፍቱ ይቀበልልን፤ የሚጠይቁትንም ሁሉ በፊቱ ይመልስላቸው። ለቤተሰባቸውና ለመላው ወዳጆቻቸው መጽናናትን ይስጥልን። አሜን።