«በራሱ ይጠፋል» ላሉን ዶክተር

ለተከበሩ ዶክተር ሃርላን ቴት፣ የሲፕረስ ክሪክ ሆስፒታል የሳንባ ክፍል ኃላፊ፤

እንደምን ከርመዋል? በዚህ ሰው በሚቀቅል የካሮላይና ሙቀት እርስዎም፣ ባለቤትዎም፣ በጠረጴዛዎ ላይ ፎቶው ያለው ያ ሸጋ ውሻዎም በሙሉ ጤና እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። ዓይንዎንማ ጌታ በተለይ ይጠብቅልኝ። እኔ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነጂዋ ኧርሊን ጋድስደን ነኝ፤ ባለፈው ጥር ሳርኮይዶሲስ የሚባለውን በሽታ ያገኙባት የቨርኔል ታላቅ እህት። በዚህ ጋዜጣ የምጽፍልዎ ስልክዎ ሥራ ስለሚበዛበት ነው።

አንደኛ፣ ለበሽታው ስም ስላወጡለት አመሰግናለሁ። ከዚያ በፊት ስም ያወጣችለት ቤተ ክርስቲያናችን ነበረች። የቨርኔል አፍንጫ አብጦ ወይን ጠጅ ሲመስል፣ እህት ኦዴሳ በመዘምራኑ ፊት «ቨርኔልዬ፣ እኔ አልፈርድብሽም፤ ግን ጠርሙሱን ለጌታ ስጪው» አለቻት። ቨርኔልም «እህት ኦዴሳ፣ እኔ የምጠጣው ያንቺን ሻይ ብቻ ነው፤ ከገደለኝም ስኳሩ ነው» ብላ አሳቀችን። የድሮ ጠባሳዎቿ ሲያብጡ ደግሞ እኔ ራሴ «ጠባሳ የሚያብጥበት ዘር ነን፣ ተይው» አልኳት። እኛ እንግዲህ ሐኪም አይደለንም።

ሁለተኛ፣ በሽታውን ስለሚያስረዳው ባለ ሥዕል ወረቀትዎ ምስጋናዬ ይድረስዎ። ሥዕሉ ላይ እንደ ወተት የነጣች እግር አለች፤ ቅልጥሟ ላይ ቀያይ እብጠት፣ ቁርጭምጭሚቷም ያበጠ። ቨርኔል የራሷን ጥቁር እግር ከጎኗ ዘርግታ «ኧርሊን፣ ይቺ ሴትዮ የማን ዘመድ ናት?» አለችኝ። እርስዎም በዚያ በሚያሳርፍ ድምፅዎ «አብዛኛው ሰው ያለ መድኃኒት ይድናል፤ አይጨነቁ፣ በራሱ ይጠፋል» አሉን። አመንንዎት፤ ተቀመጥን።

ሦስተኛ፣ በመጋቢት ቀኝ ዓይኗ ሲቀላና ጭጋግ ሲለብስ ወደ ክፍልዎ ደወልን። ስልክ የምታነሣው ልጅ በጣም ጨዋ ናት። «የጥድ አበባ ብናኝ ነው የኔ እመቤት፣ መኪናዬም ቢጫ ሆኗል» አለችን። የአለርጂ ጠብታ ገዛን። ሲብስባት ቻርልስተን ከተማ ወዳለች አንዲት የዓይን ሐኪም ወሰድኳት። እሷም ቀስ ብላ አስረዳችን፦ በሽታው አንድ ነው፣ አገባቡ ግን እንደየሰዉ ነው። በሥዕሉ እንዳለችው ሴት በቀይ እብጠትና በቁርጭምጭሚት የሚጀምራቸው፣ አብዛኞቹን በራሱ ይለቃቸዋል፤ በጃፓኖች ልብና ዓይን ላይ ይበረታል፤ እኛን ጥቁሮችን ደግሞ ብዙ ጊዜ አይለቀንም፣ ቆዳና የድሮ ጠባሳ ላይ ይወጣል፣ ዓይን ውስጥ ይገባል። «በሽታው እንደታወቀ፣ ያኔውኑ ዓይኗ መታየት ነበረበት» አለች። ቨርኔል እጄን ፈልጋ ያዘች፤ ፈልጋ ስል፣ በቀኟ ተቀምጬ ስለነበር በዳበሳ ማለቴ ነው።

ስለዚህ ዶክተር፣ ቃልዎ አልታጠፈም። በራሱ ይጠፋል ብለው ነበር፤ የቀኝ ዓይኗ ብርሃን በራሱ ጠፋ።

አሁን የግራውንም ጭጋግ ጀምሮታል። ቻርልስተኗ ሐኪም ብርቱ መድኃኒት በአስቸኳይ ይጀመርላት ብላ ለእርስዎ ጽፋለች፤ ክፍልዎም በትሕትና በኅዳር ከሚውለው የምስጋና ቀን በኋላ ቀጥሮናል። ዛሬ ገና ነሐሴ ነው። ቨርኔል ማታ ማታ የመኝታ ቤቱን መብራት አታስጠፋኝም፤ «ጠዋት ስነሳ አምፖሉ ከታየኝ አለሁ ማለት ነው» ትላለች። እኔም ከጎኗ ተኝቼ፣ ጠዋት ምን ትለኝ ይሆን እያልኩ እንቅልፍ በዓይኔ አይዞርም። የምለምንዎ አንድ ነገር ነው፦ በዚህ ሳምንት ይዩአት። ወረቀትዎን በኋላ ያርሙታል።

ለታገሡኝ ትዕግሥት፣ ለሰጡን ተስፋ፣ ለማያልቀው ደግነትዎ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሣ፣ ምንጊዜም አክባሪዎ፣

ኧርሊን ጋድስደን

ማሳሰቢያ፦ ትናንት ካልሲዬን ስስብ፣ በልጅነቴ ከብስክሌት ወድቄ ያተረፍኩት የጉልበቴ ጠባሳ አብጦ፣ ጠንክሮ አገኘሁት። ለቨርኔል አልነገርኳትም። ጋዜጣ የማነብላት እኔ ስለሆንኩ፣ እዚህ ስደርስ እዘለዋለሁ። እርስዎ ግን ዓይንዎ ደህና ነውና፣ እባክዎ አይዝለሉት።